ብሮውዘሩ ታደሰ፤ ዕቃዬስ የት ገባ?

የማታ ክፍል ተማሪዬ ናት። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ደንበኞቿ በብዛት ኢንተርኔት ላይ ፎርም የሚያስሞሉ ሰዎች ናቸው። ዲቪ በሚሞላበት ሰሞን አንድ ምሽት ከሁሉም ቀድማ መጥታ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ አፕዴት ላድርግ ወይ ሲለኝ እሺ አልኩት፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጠፋ» አለችኝ። ለአራት ዓመት ያጠራቀመቻቸው ቡክማርኮች፣ የይለፍ ቃሎቿ፣ ነገ እቀጥላቸዋለሁ ብላ ከፍታ የተወቻቸው ገጾች፣ አንዱም የለም። ብሮውዘሩ ገና ዛሬ እንደተገዛ ኮምፒውተር ባዶውን ተከፍቷል። ደንግጣ ከማሽኑ ላይ አጥፍታ እንደገና ጫነችው። ለውጥ ስታጣ ደግማ አጠፋችው።

አፕዴቱን ስትነግረኝ አልደነገጥኩም፤ ማጥፋቱን ስትነግረኝ ግን ደነገጥኩ። ብሮውዘር ሲነቀል «የግል መረጃዬም አብሮ ይጥፋ» የሚል ትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል። እሷ በጥድፊያ ሳታየው አልፋዋለች፤ ምልክት ስላላደረገችበት ብቻ ዕቃዋ ተረፈ። በማግስቱ ሱቋ ሄጄ አብረን ስንፈልግ 10 ደቂቃ ሳይሞላ አገኘነው። ከነበረበት ንቅንቅ አላለም ነበር።

ይህን ማብራሪያ የምጽፈው እንደ እሷ የደነገጠ ሰው እጁን ከመሰንዘሩ በፊት እንዲያነበው ነው። ከአፕዴት በኋላ ጠፋ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ አለ፤ በእርግጥ የሚጠፋው ደንግጠን በምንነካካበት ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ የኢትዮጵያ ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱና የቤቱ ዕቃ

ብሮውዘር የምንለው ነገር ኮምፒውተራችን ላይ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጣል። አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ሠሪዎቹ ያዘጋጁት፣ በእኔም በእናንተም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት የሆነው። ሁለተኛው ፕሮፋይል ይባላል። ቡክማርኩ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ሂስትሪው፣ ሴቲንጉ፣ የእናንተ ብቻ የሆነው ሁሉ ያለበት ፎልደር ነው።

በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ቤቱ የአከራዩ ነው፤ ቀለም ይቀባዋል፣ በር ይቀይራል፣ ጣሪያ ያድሳል። አልጋውና ሳጥኑ ግን የተከራዩ ነው። አፕዴት የሚያድሰው ቤቱን ነው። ችግር የሚፈጠረው የታደሰው ቤት አሮጌውን ሳጥን መክፈት ሲያቅተው፣ ወይም ሳጥኑ ያለበትን ክፍል ሳያይ ሲያልፍ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን በስሙ ማወቅ ይጠቅማል። ፋየርፎክስ ላይ ቡክማርክና ሂስትሪ አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስሙ «ፕሌስስ» ይባላል። የይለፍ ቃሎች «ሎጊንስ» በሚባል ፋይል ተቆልፈው ይኖራሉ፤ ቁልፉ ያለው ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፣ «ኪ4» በሚባለው። አንዱን ገልብጦ ሌላውን የተወ ሰው የተቆለፈ ሳጥን ይዞ ቁልፉን እንደረሳ ነው፤ ይህን ሲያደርጉ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከተሸጠ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ፋየርፎክስ ከዚህ ሌላ ቡክማርኮችን በራሱ ጊዜ እየገለበጠ እስከ 15 ቅጂ ያስቀምጣል። ከቡክማርክ ማስተዳደሪያው «ሪስቶር» የሚለውን ስትከፍቱ የየቀኑ ቅጂ በቀን በቀኑ ተደርድሮ ይታያል። ክሮም ላይ ፎልደሩ «ዩዘር ዳታ» ይባላል፤ በውስጡ «ዲፎልት» የሚል አለ፤ በዚያ ውስጥ «ቡክማርክስ» የሚባል ፋይልና ከጎኑ አንድ መጠባበቂያ ቅጂው ይገኛሉ። መጠባበቂያው አንድ ብቻ ስለሆነ ብሮውዘሩን ደጋግማችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ በአዲሱ ባዶ ቅጂ ሊተካ ይችላል።

ባዶውን ሲከፈት

ሜይ 21 ቀን 2019 ሞዚላ ፋየርፎክስ 67ን አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ፋየርፎክስ ቢጫን ሁለቱም ከአንድ ፕሮፋይል ይጠቀሙ ነበር። ይህ ጣጣ አለው። አዲሱ ስሪት ፋይሎቹን በራሱ አጻጻፍ ያስተካክላቸዋል፤ አሮጌው ተመልሶ ሲከፍታቸው ሊያነባቸው ይቸገራል፤ አንዳንዴም ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ከ67 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የተጫነ ፋየርፎክስ የራሱ ፕሮፋይል እንዲኖረው ተደረገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሆኖም ሁለት ቦታ የጫነ ሰው አንደኛውን ሲከፍት ባዶ ቤት ጠበቀው። ዕቃው ከጎረቤት ክፍል እንዳለ የነገረው የለም።

እንዲህ ሲገጥማችሁ የአድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አባውት»፣ ቀጥሎ ኮለን የምንላቸውን ሁለት ነጥቦች፣ ቀጥሎ «ፕሮፋይልስ» ብላችሁ ጻፉ፤ በመሀል ክፍት ቦታ አትተዉ። ማሽኑ ላይ ያሉት ፕሮፋይሎች ይዘረዘራሉ። እያንዳንዱን «ላውንች» በሚለው ቁልፍ እየከፈታችሁ እዩ። ዕቃችሁን ስታገኙ «ሴት አዝ ዲፎልት ፕሮፋይል» የሚለውን ተጫኑ፤ ነገ ሲከፈት ቀጥታ እዚያ ይገባል። ክሮም ላይ ደግሞ በስተቀኝ ከላይ ያለችውን ክብ ተጫኑ፤ የተከፈተው የሌላ ሰው ፕሮፋይል ወይም አዲስ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

ፋየርፎክስን «ሪፍሬሽ» ያደረገ ሰው ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ብሮውዘሩ አዲስ ፕሮፋይል ፈጥሮ ቡክማርኩንና የይለፍ ቃሉን ያሻግራል፤ ኤክስቴንሽኖቹን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ ጨምረን የምንጭናቸውን ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ይተዋል፤ አሮጌውን ፕሮፋይል ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ «ኦልድ ፋየርፎክስ ዳታ» በሚል ፎልደር ያኖርለታል። ብዙ ሰው ይህን ፎልደር ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። እባካችሁ ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት።

በስልክ ላይ የደረሰውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው እሱ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያሉ ብዙ መተግበሪያዎች ውስጣቸው ሲታይ ድረ ገጽ ናቸው፤ ገጹን የሚያሳያቸው ዌብቪው የሚባል የብሮውዘር አካል ነው። በዲሴምበር 2019 ክሮም 79 ለአንድሮይድ ሲወጣ መረጃ የሚቀመጥበት ፎልደር ቦታው ተቀየረ፤ በአሮጌው ቦታ የነበረው መረጃ ግን በሙሉ አልተሻገረም። ማስታወሻ የሚጽፍበት፣ ሒሳብ የሚይዝበት መተግበሪያ የነበረው ሰው አንድ ጠዋት ሲከፍተው ባዶ ሆነ። ሰዎቹ ብሮውዘር ማደሳቸውን እንኳ አላወቁም፤ የተቆጡት መተግበሪያውን በሠራው ሰው ላይ ነበር። ጎግል ስርጭቱን ያቆመው አፕዴቱ ግማሽ ያህሉ ስልክ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ ማስተካከያ አወጣ። መረጃው አሮጌው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር። መተግበሪያውን ከስልኩ ነቅሎ እንደገና የጫነው ሰው ግን አሮጌውንም ቦታ አብሮ አጠፋው።

ኤክስቴንሽን ሲሞት

ስለዚህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው በአፕዴት የሚማረርበት ትልቁ ምክንያት ይህ ስለሆነ።

ኖቬምበር 14 ቀን 2017፣ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 2010፣ ፋየርፎክስ 57 «ኳንተም» በሚል ስም ወጣ። ፍጥነቱ በግልጽ የሚታይ ነበር፤ የገጽን መልክ የሚያሰላው ክፍል ራስት በሚባለው አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ ሥራውን ለሁሉም የፕሮሰሰር ኮሮች ያከፋፍላል። በዚያው ቀን ግን በአሮጌው መንገድ የተሠሩ ኤክስቴንሽኖች ሁሉ ሥራ አቆሙ። አውርዶ አፕዴት ያደረገ ሰው ፈጣን ብሮውዘር አገኘ፤ ለዓመታት የለመዳቸውን መሣሪያዎች ግን አጣ።

ለምን? የድሮው ኤክስቴንሽን በፋየርፎክስ ሆድ ውስጥ እንደልቡ ይገባ ነበር። ማንኛውንም አዝራር ያነሳል፣ ማንኛውንም መስኮት ይለውጣል። ኃይሉም ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሞዚላ አንዲት ግድግዳ ባንቀሳቀሰ ቁጥር በዚያች ግድግዳ ላይ የተደገፈው ሁሉ ይወድቃል። ብሮውዘሩን በብዙ ፕሮሰስ ከፋፍሎ፣ አንድ ገጽ ሲንኮታኮት ሌላው እንዳይነካ ማድረግም በዚያ አሠራር አስቸጋሪ ነበር። አዲሱ መንገድ፣ ዌብኤክስቴንሽን የሚባለው፣ ለእንግዳው የተወሰኑ በሮችን ብቻ ይከፍትለታል። በሩ ያልተሠራለት ሥራ አይሠራም።

ዳውንዘምኦል የሚባለውን ኤክስቴንሽን የሚያስታውስ ይኖራል። ትልቅ ፋይል በቁራጭ በቁራጭ እያወረደ፣ መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። መብራት በሚሄድበትና ኔትወርክ በሚዋልልበት አገር ለሚያስተምር ሰው ይህ ቅንጦት አልነበረም፤ ለተማሪዎቼ የማወርዳቸው ቪዲዮዎች በእሱ በኩል ነበር የሚመጡት። ከ57 ጋር ቆመ። ከባዶ ተጽፎ የተመለሰው በ2019 ነው፤ የተመለሰውም የድሮውን ያህል አይችልም፤ በሩ የለማ።

ሞዚላ ለውጡን ድንገት አላመጣውም፤ ያስታወቀው በኦገስት 2015 ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ። በ2017 ደግሞ በኤክስቴንሽኖች ገጽ ላይ ከየስማቸው አጠገብ «ሌጋሲ» የሚል ቢጫ ምልክት ተደርጎ ነበር። ፈጽሞ መልቀቅ ላልቻለ ሰው 52 የሚባለው የረጅም ጊዜ ስሪት እስከ 2018 ድረስ የደኅንነት ጥገና ያገኝ ነበር። ለእኔ አቅጣጫው ትክክል ነው። ያጠፉት ነገር ማስጠንቀቂያውን ሰው በማያየው ቦታ መለጠፋቸው ነው። የኤክስቴንሽን ገጽ ማለት አንዴ ከጫንን በኋላ ተመልሰን የማንከፍተው ገጽ ነው። «ሌጋሲ» የሚለው ቃልም ለተራ ተጠቃሚ ምንም አይነግረውም። «ይህ መሣሪያ በኅዳር ሥራ ያቆማል» ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ ስንቱ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከአፕዴት ጋር ይመሳሰላል እንጂ አፕዴት አልነበረም። የኢትዮጵያ ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ሌሊት ላይ በዓለም ዙሪያ የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖች መጥፋት ጀመሩ። ሞዚላ እያንዳንዱን ኤክስቴንሽን በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ፊርማዎቹ የሚታሰሩበት አንድ ሰርቲፊኬት ቀኑ አልፎበት ሳይታደስ ቀረ። ፋየርፎክስ ፊርማ የሚመረምረው በየ24 ሰዓቱ ስለሆነ ለአንዱ ሌሊት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ቆመ። ብዙ ሰው የራሱ ማሽን የተበላሸ መሰለው። ቶር ብሮውዘር የተሠራው በፋየርፎክስ ላይ ስለሆነ እዚያ ያለው ኖስክሪፕት የሚባለው ስክሪፕት የሚያግድ ኤክስቴንሽንም አብሮ ጠፋ፤ ማንነቱን ደብቆ መሥራት ግድ ለሚሆንበት ሰው ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በዚያን ዕለት ሞዚላ ከሰጠው ምክር አንዱን ሁሌ ለተማሪዎቼ እደግመዋለሁ፦ ኤክስቴንሽኑን አትንቀሉ፣ እንደገናም ለመጫን አትሞክሩ። ሲነቀል በውስጡ ያጠራቀመው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው በማግስቱ 66.0.4 ሲወጣለት ከነመረጃው ተመለሰለት። የቸኮለ ሰው ኤክስቴንሽኑን ሲያገኝ ለዓመታት ያስተካከለውን አጣ። የተማሪዬ ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ እሷን ያዳናት ያልተነካ ሳጥን ነው።

ክሮምም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ማኒፌስት ቪ3 በሚባለው አዲስ ደንብ ምክንያት ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለው የማስታወቂያ መከላከያ ከ2024 ጀምሮ ክሮም ላይ መዘጋት ጀመረ። ሠሪው ቀለል ያለውን «ላይት» አዘጋጅቷል፤ ሙሉው ፋየርፎክስ ላይ እየሠራ ነው።

ገጹ እምቢ ሲል

አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ አንድ ድረ ገጽ ካልከፈተ፣ በመጀመሪያ ያንኑ ገጽ በፕራይቬት መስኮት ክፈቱት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የተጠራቀመው ካሽ፣ ኩኪ ወይም አንዱ ኤክስቴንሽን ነው። የዚያን ገጽ ኩኪ ብቻ አጥፉ፤ ሁሉንም ጠርጋችሁ ከኢሜይላችሁም፣ ከሌላውም አካውንታችሁ አትውጡ። ፋየርፎክስ ላይ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ብትከፍቱት ኤክስቴንሽኖቹን አስተኝቶ ይነሳል፤ በዚያ ከተስተካከለ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ። በፕራይቬትም በዚህም እምቢ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የታመመው ድረ ገጹ ነው።

ድረ ገጽ እንዴት ይታመማል? በጣም የምወደው ምሳሌ የኦፔራ ነው። ብሮውዘር አንድ ገጽ ሲጠይቅ ስሙንና የስሪቱን ቁጥር ይናገራል። በ2009 ኦፔራ 10 ሲዘጋጅ የቁጥሩን የመጀመሪያ አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ድረ ገጾች ተገኙ። 10 የሚለውን 1 ብለው አነበቡት፤ «ብሮውዘርህ ያረጀ ነው» ብለው መለሱት። ኦፔራ ተሸንፎ ስሪቱን ቀድሞ በሚታየው ቦታ 9.80 ብሎ እየጠራ፣ እውነተኛውን 10 መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። በ2022 ክሮምና ፋየርፎክስ 100 ሲደርሱም ሦስት አኃዝ ማንበብ የማይችሉ ገጾች ነበሩ፤ ሁለቱም ይህን ፈርተው ወራት ቀድመው ሞክረውታል።

ሌላው ምሳሌ ከበሽታ ዘመን ነው። ማርች 10 ቀን 2020 ፋየርፎክስ 74 ሲወጣ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የሚባሉትን ያረጁ የምስጢር መጠበቂያ አሠራሮች ዘጋ። ያልታደሱ ሰርቨሮች ላይ ያሉ ገጾች መከፈት አቆሙ፤ ከእነሱ መካከል ስለ ኮቪድ-19 መረጃ የሚሰጡ የመንግሥት ገጾች ነበሩ። ሞዚላ የዘጋውን መልሶ ከፈተ፤ እንደገና የዘጋው በጁን መጨረሻ በ78ኛው ስሪት ነው። ሕግ ጠባቂ ሆኖ ሰውን ከመረጃ ከማገድ ጥቂት ወር መታገሥን መረጡ፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ፍላሽ የሚባለው የአዶቢ ፕሮግራም ግን አይመለስም። አዶቢ ድጋፉን ያቆመው በ2020 የመጨረሻ ቀን ነው። የድሮ የትምህርት ሲዲና በፍላሽ የተሠራ የሒሳብ ጨዋታ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሁንም ይጠይቁኛል። አሮጌ ብሮውዘር ጭናችሁ ኢንተርኔት ላይ አትውጡ፤ ሩፍል የሚባል ፍላሽን የሚተካ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ሞክሩ።

ፊደላችን ሳጥን ወይም ሌላ ነገር ሲሆን

አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ስሪት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ሳጥን ሲታይ ፎንት ጫኑ እንጂ ብሮውዘር አትቀይሩ።

አማርኛው «ኤ» እና «ዩ» ላይ ምልክት የተደረገባቸው የላቲን ፊደላት ድብልቅ ሆኖ ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ገጾች የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያለበሱ ፎንቶችን ይጠቀሙ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ ሥሩ ያለው ላቲን ይገለጣል። ፎንቱን ጭናችሁ ለዓመታት ስታነቡ ቆይታችሁ ከአፕዴት በኋላ ከተበላሸ አንድ ነገር ፈትሹ። ከፋየርፎክስ 119 ጀምሮ የክትትል መከላከያው «ስትሪክት» ላይ ከተደረገ ድረ ገጾች የሚያዩት ከሲስተሙ ጋር የመጡ ፎንቶችን ብቻ ነው፤ እናንተ የጫናችሁትን አያዩም። ምክንያቱ ትክክል ነው፦ በማሽናችሁ ላይ ያሉ ፎንቶች ዝርዝር እናንተን ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ አሻራ ይሆናል። የግዕዝ ፎንት የጫነ ሰውማ በብዙ አገር ቶሎ ይለያል። ስለዚህ መከላከያውን በሙሉ አታውርዱት፤ አድራሻው አጠገብ ባለችው ጋሻ በኩል ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፉት።

መልኩ ሲቀየር

ኤፕሪል 29 ቀን 2014 ፋየርፎክስ 29 ታቦቹን አከበባቸው፤ ጁን 1 ቀን 2021 ደግሞ 89ኛው ከመስመሩ ነቅሎ እንደ አዝራር አንሳፈፋቸው። ሁለቱም ጊዜ ሰው ተቆጣ። ቁጣው ዋጋ የለውም አልልም። አዝራር ያለበትን በእጁ ያወቀ ሰው፣ በተለይ ዓይኑ የደከመ፣ ቦታ ሲቀየርበት የሚያጣው ጊዜና በራስ መተማመን እውነተኛ ነው። እናቶቻችንንና አባቶቻችንን አፕዴት ስናደርግላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለን አዲሱን ቦታ አንድ ሁለቴ ማሳየት አለብን። ከዚህ አልፎ ለመልክ ብሎ ወደ አሮጌ ስሪት መመለስ ግን ቀጥሎ የምነግራችሁን መዘዝ ያመጣል።

ወደ ድሮው እመለሳለሁ ላለ ሰው

መመለስ እንደ መሄድ ቀላል አይደለም። አዲሱ ስሪት የፕሮፋይሉን ፋይሎች ቀይሯቸዋል። ከ67 ወዲህ አሮጌ ፋየርፎክስ በአዲስ የተነካ ፕሮፋይል ሲያገኝ አይከፍትም፤ «አሮጌ ስሪት ነው የከፈትከው» ብሎ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል ይፈጥርላችኋል። ሰውዬው ያኔ ሁለተኛ ጊዜ ይደነግጣል፤ ቅድም መልኩ ተቀየረ ብሎ የተመለሰው አሁን ዕቃውንም አጣ። ብሮውዘሩ ይህን የሚያደርገው ፋይሉ እንዳይበላሽ ነው። አዲሱን መልሳችሁ ብትጭኑት ዕቃችሁ እዚያ ነው።

አትመለሱ የምልበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት በሚያነብ የጋራ ኮድ ውስጥ ቀዳዳ ተገኘ። ተንኮል የተሠራበት አንድ ምስል ገጽ ላይ መታየቱ ብቻ ማሽኑን ለአጥቂ ሊከፍት ይችል ነበር፤ ሰዎችም እየተጠቁበት ነበር። ኮዱ በክሮምም፣ በፋየርፎክስም፣ በኤጅም፣ በሌሎች በርካታ ፕሮግራሞችም ውስጥ አለ። ክሮም ጥገናውን ያወጣው በኢትዮጵያ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው፤ ፋየርፎክስ በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት። እኛ የበዓል ፎቶና የአበባ ምስል በስልክ ስንቀባበል በዋልንበት ቀን ማለት ነው። አፕዴቱን አጥፍቶ ለተቀመጠ ሰው ያ ጥገና አልደረሰውም።

አፕዴት የሚያጠፋ ሰው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዳታ ብር ነው፤ ስልኩ ባላሰበው ሰዓት ፓኬጁን ይበላበታል። እረዳዋለሁ። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አፕዴት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉት፤ ጨርሶ አትዝጉት። በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ መዋል ይበቃል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ክሮም ለእናንተ ከ109 በላይ አይሄድም፤ ከ110 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ማሽኑን መቀየር እስክትችሉ ድረስ ባንክና የይለፍ ቃል ያለበትን ሥራ በሌላ መሣሪያ ላይ ሥሩ።

ከመጫናችሁ በፊት

ተማሪዬ አሁን በየወሩ መጀመሪያ የምታደርገውን ልንገራችሁ። ቡክማርኮቹን ከማስተዳደሪያው «ኤክስፖርት» አድርጋ አንድ ፋይል ታወጣለች፤ ይህ ፋይል በማንኛውም ብሮውዘር ይከፈታል። ከዚያ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ ትዘጋለች። ክፍት እያለ የተገለበጠ ፕሮፋይል መሀሉ ላይ ተቆርጦ ሊቀር ስለሚችል መዝጋቱ የግድ ነው። ቀጥሎ የፕሮፋይሉን ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች፤ ፋይል መርጣ አትወስድም።

«ቲቸር፣ ሲንክ ካለኝ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ብላኝ ነበር። ሲንክ ስልክና ኮምፒውተር እኩል እንዲሆኑ ያደርጋል፤ አንዱ ላይ የጠፋው ከሌላውም ይጠፋል። የፋየርፎክስን አካውንት የይለፍ ቃል ረስታችሁ አዲስ ስታወጡ ደግሞ፣ የመመለሻ ቁልፍ አስቀድማችሁ ካላወጣችሁ በቀር፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ይጠረጋል፤ መረጃው በይለፍ ቃላችሁ ስለተቆለፈ ሞዚላ ራሱም ሊከፍተው አይችልም።

ስለ ፍላሹ አንድ ነገር ቀርቷል። የተገለበጠው ፎልደር ውስጥ የይለፍ ቃሎቹ ከነቁልፋቸው አሉ። ፋየርፎክስ ላይ «ፕራይመሪ ፓስዎርድ» የሚባለውን ካላዘጋጃችሁ ፎልደሩን ያገኘ ሰው ሁሉ ይከፍታቸዋል። እሷ ፍላሹን ቤት ነው የምታስቀምጠው፤ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ «አንዴ አውሺኝ» የሚለው ፍላሽ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ አትተወውም።